ዲስራፕት

ዲስራፕት በእንግሊዝኛ ቋንቋ በሂደት ላይ ያለን ነገር ድንገት ከመደበኛ አካሄዱ ማውጣትን የሚያመለክት ተሻጋሪ ግሥ ነው። ወደ አማርኛ እንደ አገባቡ ማወክ፣ ማስተጓጎል፣ መረበሽ፣ ማናጋት ወይም ማፋለስ ተብሎ ይተረጎማል። ከእነዚህ አንዱም ግን ብቻውን ሁሉንም አገባቦቹን አይሸፍንም። ስሙ ዲስራፕሽን፣ ቅጽሉ ዲስራፕቲቭ ይባላል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ቃሉ በንግድና በቴክኖሎጂ ዘንድ ከወቀሳ ወደ ሙገሳ የዞረ ሁለተኛ ትርጉም አግኝቷል፤ ተርጓሚን የሚያሳስተውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሥርወ ቃል

ቃሉ የመጣው ዲስሩምፔሬ ከሚለው የላቲን ግሥ ነው። «ዲስ» መለያየትን፣ «ሩምፔሬ» ደግሞ መስበርን ወይም መበጠስን ያመለክታል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ሰብሮ መለያየት እንደ ማለት ነው። ከዚሁ «ሩምፔሬ» የወጡ ሌሎች የእንግሊዝኛ ቃላትም አሉ። ኢንተራፕት ማቋረጥ፣ ኢራፕት እንደ እሳተ ገሞራ መፈንዳት፣ ኮራፕት ማበላሸት ወይም በሙስና መበከል ነው።

ግሡ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊት እምብዛም አልተሠራበትም። በዚያው ክፍለ ዘመን ግን ስሙ በስኮትላንድ ታሪክ ውስጥ የአንድ ክስተት መጠሪያ ሆነ። በ1843 እ.ኤ.አ. ወደ 450 የሚሆኑ አገልጋዮች ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው ነጻ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ዋናው ጠብ ለአጥቢያው አገልጋይ የሚሰይመው ባለርስቱ ነው ወይስ ምእመኑ የሚል ነበር። ይህ መለያየት እስከ ዛሬ «ዘ ዲስራፕሽን» ተብሎ ይጠራል። በዚህ አጠራር ውስጥ የላቲኑ ትርጉም ሳይደበዝዝ ይታያል፤ አንድ የነበረው ለሁለት ተሰነጠቀ።

አገባብ

በዛሬው እንግሊዝኛ ዲስራፕት የሚደረገው ነገር ብዙ ጊዜ ዕቃ ሳይሆን ሂደት ነው፦ በረራ፣ ትምህርት፣ እንቅልፍ፣ ስብሰባ፣ የሸቀጥ አቅርቦት፣ የኔትወርክ አገልግሎት። ጠረጴዛን ዲስራፕት ማድረግ አይቻልም፤ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች የያዙትን ስብሰባ ግን ይቻላል። በሳይንስ ጽሑፍ የሕዋስ ሽፋን ዲስራፕት ተደረገ ይባላል፤ እዚያ ግን ቃሉ መቅደድ ወደሚለው የጥንት ትርጉሙ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

አድራጊው ሰው መሆን የለበትም፣ ሐሳብም አያስፈልገውም። በሚያዝያ ወር 2010 እ.ኤ.አ. በአይስላንድ የኤያፍያላዮኩል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ የአውሮፓን ሰማይ ሲሸፍን ወደ 100,000 የሚጠጉ በረራዎች ተሰረዙ። የእንግሊዝኛው ጋዜጣ ይህን ዲስራፕሽን አለው። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ የስዊዝ ቦይን ለስድስት ቀናት ስትዘጋ የዓለም ንግድ ዲስራፕት ተደረገ ተባለ። ሐምሌ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው ስህተት ያለበት ማሻሻያ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሲጥልም ያው ቃል ወጣ። ይህ ቁጥር ከዓለም የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ከአንድ በመቶ በታች ነው። አውሮፕላን ማረፊያዎች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ሥራ የፈቱት የተመቱት ማሽኖች ብዙ ስለነበሩ ሳይሆን ሌላው ሥራ ሁሉ በእነሱ ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ቃሉም የሚይዘው ይህንን ነው፤ የተበላሸውን ማሽን ሳይሆን በብልሽቱ ምክንያት የተዛባውን የሥራ ፍሰት ይገልጻል።

አድራጊው ሰው ሲሆን ግን ቃሉ የወቀሳ ቃና ይይዛል። አስተማሪ አንድን ተማሪ ዲስራፕቲቭ ነው ቢል ረባሽ ነው ማለቱ ነው።

ከኢንተራፕት ጋር ያለው ልዩነት

ሁለቱ ቃላት የአንድ ሥር ልጆች በመሆናቸው በቀላሉ ይምታታሉ። ልዩነታቸውን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የኮምፒውተር አሠራር ነው። ኮምፒውተር ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫን ኢንተራፕት የተባለ ምልክት ወደ ፕሮሰሰሩ ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ያቆምና የት እንደደረሰ መዝግቦ ያስቀምጣል። ከዚያ ለምልክቱ የተመደበውን አጭር ፕሮግራም ያካሂድና ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነው፤ ብልሽት አይደለም፣ እንዲያውም ኮምፒውተሩ ያለዚህ በወጉ አይሠራም። በአንጻሩ አንድ አጥቂ ከብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች የሐሰት ጥያቄ እያጎረፈ አንድን ድረ ገጽ ቢያጨናንቅ፣ እውነተኛው ተጠቃሚ ወረፋው ስለማይደርሰው አገልግሎቱ ዲስራፕት ተደረገ ይባላል። መመለሻው ቦታ የተመዘገበበት ሥርዓት የለም።

በሰው ዘንድም እንዲሁ ነው። ተናጋሪን በጥያቄ ማቋረጥ ኢንተራፕት ነው፣ ተናጋሪው መልሶ ይቀጥላል። ጉባኤውን በጩኸት መበጥበጥ ዲስራፕት ነው።

በንግድና በቴክኖሎጂ

ሁለተኛው ትርጉም የተስፋፋው በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት መምህር በነበረው በክሌይተን ክሪስተንሰን ነው። እሱና ጆሴፍ ባወር በ1995 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ቀጥሎም ክሪስተንሰን ብቻውን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በደንብ የሚመሩ ትልልቅ ኩባንያዎች ለምን ይወድቃሉ ብለው ጠየቁ።

ዋና ማስረጃቸው የሐርድ ዲስክ ታሪክ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ 5.25 ኢንች ዲስክ ሲወጣ ከ8 ኢንቹ ያነሰ ይዞታ ነበረው፤ ይዘገያል፤ በሜጋባይት ሲሰላም ይወደዳል። የ8 ኢንቹ ገዢዎች፣ ማለትም ሚኒኮምፒውተር ሠሪዎች፣ አልፈለጉትም፤ አምራቾቹም ደንበኞቻቸውን ሰምተው ችላ አሉት። አዲሱ ዲስክ ገበያ ያገኘው ትንሽነቱ በተፈለገበት በግል ኮምፒውተር ላይ ነው። ከዓመት ዓመት ሲሻሻል ግን ቀስ በቀስ የሚኒኮምፒውተሩንም ፍላጎት አሟላ፤ ከነባሮቹ አምራቾችም ብዙዎቹ ከገበያው ወጡ። ክሪስተንሰን ዲስራፕሽን ያለው ይህንን፣ ከታች ወይም ከዳር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ለውጥ ነው።

ስለዚህ በእሱ አነጋገር ዲስራፕሽን ድንገተኛ አይደለም። ቃሉ ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ በየስብሰባው ሲነገር ይህ ጠፋ፤ ማንኛውም አዲስና ጮሌ ኩባንያ ዲስራፕቲቭ ነኝ ማለት ጀመረ። ቴክክራንች የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደውን ጉባኤ እንኳ ዲስራፕት ብሎ ሰየመው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታሪክ ምሁሯ ጂል ሌፖር በኒው ዮርከር መጽሔት ጽንሰ ሐሳቡንም የዲስኩን ማስረጃም ተቸች። በቀጣዩ ዓመት ክሪስተንሰንና ባልደረቦቹ ቃሉ ያለ ቦታው እየተነገረ መሆኑን ጽፈው፣ ሰው ሁሉ ለምሳሌ የሚጠቅሰው ኡበር በእነሱ መለኪያ ዲስራፕቲቭ እንዳልሆነ አስረዱ። ምክንያታቸው ኡበር ታክሲ መሳፈር ለለመደው ዋናው ደንበኛ የተሻለ አገልግሎት ይዞ ጀመረ እንጂ ከታች አልተነሣም የሚል ነው።

ወደ አማርኛ ሲተረጎም

ለአገልግሎት መስተጓጎል፣ ለጉባኤ መታወክ፣ ለእንቅልፍ መረበሽ፣ ለሥርዓት መናጋት ወይም መፋለስ ይስማማል። አደገኛው ትርጉም መቋረጥ ነው። አንድ አገልግሎት ዲስራፕት ሆነ ሲባል ዘግይቶ ወይም በከፊል ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ተርጓሚው «ተቋረጠ» ካለ ምንጩ ያላለውን ጨምሯል። ተቃራኒው ስህተትም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር፤ እንዲህ ያለውን «የኢንተርኔት መስተጓጎል» ማለት ሆን ተብሎ የተደረገን መዝጋት የመስመር ብልሽት ያስመስለዋል። የእንግሊዝኛው ቃል ለሁለቱም ስለሚነገር ተርጓሚው የሆነውን ነገር ማጣራት አለበት።

ለንግዱ ትርጉም «አዋኪ ቴክኖሎጂ» ማለት አይመከርም። ማወክና ሁከት የአንድ ሥር ቃላት ሲሆኑ ሁከት በአማርኛ የሕግ ቃልም ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 መሠረት የይዞታው ባለቤት የሚያቀርበው ክስ «ሁከት ይወገድልኝ» ይባላል። አንድ ኩባንያ አዋኪ ነኝ ብሎ ራሱን ቢያስተዋውቅ አንባቢው ክስ እንጂ ሙገሳ አይሰማበትም። «ነባሩን የሚያናጋ» ይሻላል፤ የክሪስተንሰን ሐሳብ ሲሆን ደግሞ ረዘም ቢልም «ከታች ተነሥቶ ነባሩን የሚተካ» ብሎ መፍታት ይቀላል።