የዘይት ግፊት የነዳጅ ፓምፕን ሲያዝ

ካርቡሬተር በተገጠመላቸው የቀድሞ መኪኖች ላይ ነዳጅን ከታንክ ስቦ ወደ ሞተር የሚያደርሰው ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ሜካኒካዊ ነው፤ ኃይሉንም የሚያገኘው ከራሱ ከሞተሩ መዞር ነው። ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በሚታየው ቮልስ፣ ዲስትሪቢውተሩን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ያለ ጉብታ አንድ አጭር የግፊት ዘንግ እየመታ በፓምፑ ውስጥ ያለውን ዲያፍራም፣ ማለትም ቤንዚን የማያሳልፍ ስስ ሽፋን፣ ያንቀሳቅሰዋል፤ ሽፋኑም በአንዱ ምት ቤንዚን ይስባል፣ በሌላው ይገፋል። ሞተሩ ከቆመ ዘንጉን የሚመታው ጉብታ ስለሚቆም ፓምፑም ይቆማል። ይህ ጥበቃ የተገኘው ለደኅንነት ተብሎ በተጨመረ ዕቃ ሳይሆን ከአሠራሩ ባሕርይ በመሆኑ፣ ፓምፑ በኤሌክትሪክ ሲተካ ጥበቃው አብሮ መነሣቱን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

መተካቱ በራሱ ነቀፋ የለበትም። የቮልስ የነዳጅ ታንክ ከፊት፣ ሞተሩ ደግሞ ከኋላ በመሆኑ ሜካኒካዊው ፓምፕ ቤንዚኑን የመኪናውን ርዝመት ሙሉ መሳብ ይኖርበታል፤ በመሳብ ጊዜ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ደግሞ ቤንዚኑ በሙቀት ወደ ትነት የመለወጥ ዝንባሌው ይጨምራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ይህ ችግር ይበረታል፤ በቱቦው ውስጥ የተፈጠረው የትነት አረፋ ፓምፑን ከሥራ ውጭ ሲያደርገው በሙቀት የቆመው መኪና እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልነሣም ይላል። ከታንኩ ሥር የተገጠመ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን ቤንዚኑን ከመሳብ ይልቅ ስለሚገፋው ችግሩን በእጅጉ ያቃልለዋል። ለካርቡሬተር የሚመረጠው ፓምፕ ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር አካባቢ የሆነ ሲሆን፣ ለኢንጀክሽን ሞተር የተሠራው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚገፋ በመሆኑ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋውን መርፌ አሸንፎ ሞተሩን ያጥለቀልቃል።

አደጋው ያለው በሽቦው ላይ ነው። ፓምፑ ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ጋር ብቻ ከተያያዘ፣ ሞተሩ ቢዞርም ባይዞርም ቤንዚን መግፋቱን ይቀጥላል። በቮልስ ካርቡሬተር ላይ ቤንዚን የሚገባበት አጭር የነሐስ ቱቦ በግፊት ብቻ የተሰካ በመሆኑ በዘመን ብዛት ላልቶ መውጣቱ በዚህ መኪና የታወቀ የእሳት ምክንያት ነው። ቱቦው ወጥቶ ሞተሩ በቤንዚን እጦት ሲጠፋ፣ ወይም መኪናው ተጋጭቶ ሾፌሩ ቁልፉን ለመዝጋት በማይችልበት ሁኔታ ላይ ሲሆን፣ ትንሹ የኤሌክትሪክ ፓምፕ እንኳ በደቂቃ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ቤንዚን በጋለው ሞተር ላይ ሊያፈስ ይችላል። ይህ ባይደርስም፣ የካርቡሬተሩ መርፌ በቆሻሻ ተይዛ ሳትዘጋ ከቀረች ቁልፉ ተከፍቶ በቆመ መኪና ውስጥ ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደሩ እየወረደ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል።

ስለዚህ ፓምፑ ሞተሩ በእርግጥ እየዞረ መሆኑን የሚመሰክርለት ነገር ያስፈልገዋል። የዘይት ግፊት ለዚህ ምስክርነት የተመረጠው የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ስለሆነና ሞተሩ በቆመ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ግፊቱ ስለሚወርድ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ገደማ ለገበያ ያቀረበው ሸቭሮሌ ቬጋ የኤሌክትሪክ ፓምፑን በታንኩ ውስጥ ይዞ የመጣ ሲሆን፣ የፓምፑ መስመርም በዘይት ግፊት ማብሪያ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። ማብሪያው በሞተሩ የዘይት መተላለፊያ ላይ የሚታሰር፣ በውስጡ ዲያፍራምና የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች ያሉት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ዘይቱ ዲያፍራሙን ሲገፋው ነጥቦቹ ይገናኛሉ ወይም ይለያያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የዘይት ግፊት የለም፣ ቤንዚን ከሌለ ደግሞ ሞተሩ አይነሣም። ይህን የሚፈታው ባለ ሦስት ጫፉ ማብሪያ ነው። ከሦስቱ ጫፎች አንዱ ወደ ፓምፑ፣ ሁለተኛው ወደ ሞተሪኖው ማለትም ሞተሩን በመጀመሪያ ወደሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር መስመር፣ ሦስተኛው ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ወደሚያገኘው መስመር ይሄዳል። ግፊት በሌለበት ጊዜ የፓምፑ ጫፍ ከሞተሪኖው ጫፍ ጋር የተገናኘ በመሆኑ ፓምፑ የሚሠራው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ነው፤ ግፊቱ ወደ 0.3 ባር ሲደርስ ግን መገናኛው ከሞተሪኖው ተለይቶ ወደ ቁልፉ መስመር ይዞራል። ሁለቱ መስመሮች በምንም ሰዓት እርስ በርስ አለመገናኘታቸው የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥበብ ነው።

የጥበቡ ዋጋ የሚታወቀው በባለ ሁለት ጫፍ ማብሪያ ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት ሲሞከር ነው። ከሞተሪኖው የሚመጣው ሽቦና ከማብሪያው የሚወጣው ሽቦ በአንድነት ተጠምዝዘው ወደ ፓምፑ ከሄዱ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ማብሪያው ሲገናኝ ኤሌክትሪኩ ወደ ፓምፑ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ተመልሶ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል፤ ሞተሪኖውም በሚዞር ሞተር ላይ ጥርሱን ለመንከስ ይሞክራል። ጩኸቱን የሰማ ሰው ሞተሪኖው ተበላሸ ብሎ ሊያስለውጠው ይችላል፣ አዲሱ ሞተሪኖ ግን ያንኑ ጩኸት ያሰማል። ከሞተሪኖው በሚመጣው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ማስገባት ወይም ሽቦው ፓምፑን በራሱ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ፣ በኩል እንዲያሠራ ማድረግ ይህን ይከላከላል።

ኢንጀክሽን ከመጣ በኋላ የማብሪያው ቦታ ተለውጧል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች ላይ ኮምፒውተሩ ቁልፉ እንደተከፈተ ፓምፑን ለ2 ሰከንድ ያህል በሪሌ አማካይነት ያሠራና ሞተሩ መዞሩን ሲያይ ሥራውን ያስቀጥላል፤ የዘይት ግፊት ማብሪያው ደግሞ ከሪሌው ጎን ለጎን፣ እንደ ሁለተኛ በር፣ ለፓምፑ ኤሌክትሪክ ያደርሳል። ሪሌው ቢቃጠል መኪናው መንገድ ላይ አይቀርም፤ ነገር ግን ጠዋት ሲነሣ ሞተሪኖው የዘይት ግፊት እስኪፈጠር ድረስ ረዘም ላለ ጊዜ መዞር ይኖርበታል። ይህን ምልክት የሚያውቅ መካኒክ ፓምፑን ከማውረዱ በፊት ሪሌውን ይፈትሻል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ውስብስብ ነገር የሚመጣው ባለመኪናው የዘይት ግፊቱን በጌጅ ማየት ፈልጎ ከገበያ ሴንደር ሲገዛ ነው። ሴንደርና ማብሪያ በመልክ ይመሳሰላሉ፣ የሚታሰሩትም በዚያው ቀዳዳ ላይ ነው፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ማብሪያ የሚያውቀው መክፈትና መዝጋትን ብቻ ሲሆን፣ ሴንደር ግፊቱ በተለወጠ ቁጥር ለኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ተቃውሞ እየለወጠ ለጌጁ መጠን ይነግራል። ቪዲኦ (VDO) የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ሴንደሮች ላይ ተቃውሞው ግፊት በሌለበት ጊዜ 10 ኦም፣ በሙሉ ግፊት 180 ኦም አካባቢ ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ሴንደሮች ላይ ግን አቅጣጫው ተገልብጦ ከ240 ኦም ወደ 33 ኦም ይወርዳል፤ ስለዚህ የአንዱን ሴንደር ከሌላው ጌጅ ጋር ያገናኘ ሰው ሞተሩ ቆሞ ሳለ ጌጁ ጣሪያ ሲነካ ያያል። አሳሳቹ ስሕተት ግን አቅጣጫው ትክክል ሆኖ መጠኑ ሲለያይ ነው፤ ለ10 ባር የተሠራ ሴንደር ከባለ 5 ባር ጌጅ ጋር ሲገናኝ ጌጁ እውነተኛውን ግፊት በግማሽ ያህል ቀንሶ ያሳያል፣ ጤነኛ ሞተርም ያለ ጥፋቱ ይፈታል። በሴንደሩ ጫፍ ላይ በቀጥታ 12 ቮልት ማስገባት ደግሞ በውስጡ ያለውን ቀጭን ሽቦ ያቃጥለዋል፤ የፓምፑን መስመር በሴንደሩ በኩል ለማሳለፍ የሚሞክር ሰው የሚገዛው ሁለተኛ ሴንደር ነው።

አንዳንዶቹ የቪዲኦ ሴንደሮች ባለ ሁለት ጫፍ ናቸው፤ ጂ የሚለው ለጌጁ፣ ደብሊው ኬ የሚለው ለማስጠንቀቂያ መብራቱ ነው። ይህ ሁለተኛው ጫፍ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ግፊት በሌለበት ጊዜ ከግራውንድ ጋር ተገናኝቶ መብራቱን የሚያበራ፣ ግፊት ሲመጣ የሚለያይ በመሆኑ ለፓምፑ ከሚያስፈልገው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ሪሌን በተገላቢጦሽ፣ ማለትም ባልተሳበበት ጊዜ በሚገናኘው 87ኤ በሚባለው ጫፉ በኩል በማሠራት አቅጣጫውን ማስተካከል ይቻላል፤ የሚመከር ግን አይደለም። በዚያ ዓይነት አሠራር ከሴንደሩ የሚመጣው ሽቦ ቢበጠስ ወይም ጫፉ ቢወልቅ ሪሌው ግፊት ያለ ይመስለውና ፓምፑን ያለ ማቋረጥ ያሠራዋል፤ የደኅንነት መሣሪያ ሲበላሽ ወደ አደጋ ሳይሆን ወደ መቆም ማዘንበል ነበረበት።

እንግዲህ አንዱ ቀዳዳ ለሁለት ዕቃ መዋል ካለበት፣ በቲ ቅርጽ የተሠራ የነሐስ ማከፋፈያ ይታሰርና በአንዱ ክንዱ ሴንደሩ፣ በሌላው ማብሪያው ይቀመጣል። በቮልስ ሞተር ላይ ይህ ሥራ ጥንቃቄ ይሻል። የሞተሩ ቤት የማግኒዚየም ቅይጥ በመሆኑ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው በሜትሪክ የተለካ፣ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ነው። የአሜሪካው አንድ ስምንተኛ ኢንች ማገናኛ በዓይን ሲታይ ከዚህ ጋር አንድ ይመስላል፣ የመጀመሪያውን አንድና ሁለት ዙርም ያለ ችግር ይገባል፤ የጥርሱ ርቀት ግን 0.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከዚያ በኋላ እየጠበቀ ይሄድና የሞተሩን ጥርስ መብላት ይጀምራል። ከባዱን ሴንደር በማከፋፈያው ጫፍ አንጠልጥሎ መተውም በሞተሩ ንዝረት ነሐሱ አንገቱ ላይ እንዲሰነጠቅ ያደርጋል፤ ስንጥቁም ዘይቱን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያወጣው ይችላል። ማከፋፈያውን ከሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ አስሮ ከሞተሩ ጋር በሽቦ በተጠለፈ የዘይት ቱቦ ማገናኘት የተሻለ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሴንደሩ በአካሉ በኩል ያገኝ የነበረው ግራውንድ ሊቋረጥ ስለሚችል ራሱን የቻለ ሽቦ ከአካሉ ወደ ሞተሩ መዘርጋት ግድ ይሆናል። በጥርሱ ላይ በብዛት የተጠመጠመ ቴፍሎንም ይህንኑ ግንኙነት ሊያዳክም ይችላል።

የማብሪያው ነጥቦች ትንንሽ በመሆናቸው የፓምፑን ኤሌክትሪክ በሙሉ እንዲሸከሙ ማድረግ ቀስ በቀስ ያቃጥላቸዋል። ፓምፑ እንደ ዓይነቱ ብዙ አምፔር ሲወስድ፣ የተለመደው የመኪና ሪሌ መጠምጠሚያ ግን ከአንድ አምፔር ሩብ ያነሰ ብቻ ይወስዳል፤ ስለዚህ ማብሪያው ሪሌውን፣ ሪሌው ደግሞ ፓምፑን ማዘዝ አለበት። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ተሰክቶ ሽቦው በሪሌው 30 ቁጥር ይገባል፣ ከ87 ቁጥር ወደ ፓምፑ ይወጣል፤ የማብሪያው የፓምፕ ጫፍ በ86 ይሰካል፣ 85 ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ባለ 6 ቮልት በሆኑት የቀደሙት ቮልሶች ላይ ፓምፑም ሪሌውም ባለ 6 ቮልት መሆን አለባቸው።

ይህ አሠራር የሚጠብቀው ከእሳት እንጂ ሞተሩን ከመበላት አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ማብሪያው በ0.3 ባር አካባቢ ሲለያይ፣ ግፊቱ በፍጥነት ለሚዞር ሞተር ከሚበቃው በታች ከወረደ ቆይቷል፤ ካርቡሬተሩም በጎድጓዳው ውስጥ በቀረው ቤንዚን ሞተሩን ጥቂት ያስኬደዋል፤ ኩሽኔታው በዚያ መካከል ተበልቶ ያልቃል። በተቃራኒው፣ ያረጀና የጋለ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ግፊቱ ከማብሪያው ልክ በታች ወርዶ ፓምፑን ሊያቆመው ይችላል። ለዚህም ነው ሞተሩ መዞሩን ከኮይሉ ምት የሚያውቅ ሪሌ፣ ቦሽ በኬ ጄትሮኒክ ኢንጀክሽኑ የተጠቀመበት ዓይነት፣ ለተቀየረ መኪና የተሻለ ምርጫ የሚሆነው፤ በግጭት ጊዜ መስመሩን የሚቆርጠውና ፎርድ ለብዙ ዓመታት የገጠመው የግጭት ማብሪያም በተጨማሪ ሊገባ ይችላል።

የዘይት ግፊቱን አሠራር የመረጠ ሰው ሥራው ሲያልቅ የሚፈትሽበት መንገድ ቀላል ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት ፓምፑ ዝም ማለት አለበት፤ ሞተሪኖው ሲዞር ድምፁ ይሰማል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ከሪሌው 86 ቁጥር ላይ ሽቦው ሲነቀል ፓምፑ ወዲያው ይቆማል፣ ሞተሩም ጎድጓዳው እስኪደርቅ ድረስ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል። ሽቦው ተነቅሎም ፓምፑ ካልቆመ፣ ከሪሌው ውጭ ሌላ ኤሌክትሪክ የሚያደርስለት መስመር አለ ማለት ስለሆነ መኪናው ከጋራዡ መውጣት የለበትም።