የጽኑ ሕሙም ልጅ እናትና ሙያዋ፦ ተረትና እውነታ

ልጇ በጽኑ ሕመም የተያዘባት ሠራተኛ እናት ከሁለት ወገን ፍርድ ይደርስባታል፤ ሥራዋን ብትቀጥል ልጇን ለእንጀራ ስትል እንደተወች ትታማለች፣ ብትለቅ ደግሞ ዓመታት የለፋችበትን ሙያ በገዛ እጇ እንዳፈረሰች ይቆጠርባታል። ሁለቱም ፍርዶች የቆሙት ስለ ሕመሙ ባሕርይ፣ ስለ ሕጉ ይዘትና ስለ ቤተሰብ ኃላፊነት በተዛቡ እምነቶች ላይ ነው። ቀጥሎ የቀረበው ማብራሪያ ለምሳሌነት የሚወስደው በልጆች ላይ ከሚከሰቱ ካንሰሮች በብዛት የሚታየውን አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያን ሲሆን፣ ይህም መቅኒ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያለ ልክ የሚያመርትበት የደም ካንሰር ነው።

ተረት 1፦ ሕመሙ የመጣው እናቲቱ ሥራ አብዝታ ልጁን ስለዘነጋችው ነው።

እውነታ፦ አብዛኞቹ የልጆች ካንሰሮች የታወቀ ውጫዊ መንስኤ የላቸውም፤ ሕዋሳት ሲባዙ በዘረ መል ላይ ከሚፈጠር ለውጥ የሚነሡ ሲሆኑ፣ በዘር የሚተላለፍ ተጋላጭነት የሚገኝባቸው ልጆች ከአሥሩ አንድ ያህል ብቻ ናቸው። እናት ቢሮ የዋለችበት ሰዓት ሉኪሚያን አያመጣም፤ ሕመሙ በንክኪ ስለማይተላለፍም ወንድምና እህትን ከሕመምተኛው ማራቅ አያስፈልግም። የዚህ ተረት ጉዳት የእናቲቱን ልብ በማቁሰል አያበቃም፤ ወቀሳን የምትፈራ እናት የማይለቅ ትኩሳትን፣ የፊት መገርጣትን፣ ያለ ምክንያት መድማትንና የአጥንት ሕመምን ለሰው ሳትናገር ልትቆይ ስለምትችል፣ ልጁ ሐኪም ዘንድ የሚደርስበት ጊዜ ይዘገያል።

ተረት 2፦ የካንሰር መጨረሻው ሞት ስለሆነ፣ እናት ሁሉን ትታ ከልጇ ጎን ብትሰነብት ይሻላል።

እውነታ፦ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ በ2030 እ.ኤ.አ. ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑትን ለማዳን ግብ ጥሏል። ልዩነቱን ከሚፈጥሩት ምክንያቶች አንዱ ሕክምና ማቋረጥ ሲሆን፣ ይህም ለአራት ተከታታይ ሳምንታትና ከዚያ በላይ ከሕክምና መቅረት ተብሎ ይተረጎማል። ቤተሰብን ወደዚህ ከሚያደርሱት ነገሮች መካከል የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የመድኃኒት ወጪ ስለሚገኙበት፣ የእናቲቱ ደመወዝ የሕክምናው ባላጋራ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሕክምናው አካል ነው።

ተረት 3፦ ሕክምናው እስኪያበቃ ድረስ ሥራና ልጅ አብረው አይሄዱም።

እውነታ፦ የሉኪሚያ ሕክምና በጠቅላላው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚወስድ ቢሆንም ሸክሙ በየምዕራፉ ይለያያል። የመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ወር ገደማ የሚፈጅ ጠንካራ ኬሞቴራፒ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል የመድኃኒት ሕክምና፣ ስለሆነ የቅርብ አስታማሚ ይፈልጋል፤ ተከታዮቹ የማጠናከሪያ ወራትም በሆስፒታል ቀጠሮ የተሞሉ ናቸው። ረጅሙና የመጨረሻው የማቆያ ምዕራፍ ግን በአመዛኙ ቤት ውስጥ በየቀኑ መርካፕቶፑሪን፣ በየሳምንቱ ሜቶትሬክሴት በመስጠት የሚከናወን በመሆኑ፣ ብዙ እናቶች ወደ ሥራ ሊመለሱ የሚችሉበት ጊዜ ነው። በየትኛውም ምዕራፍ ግን የልጁ የመከላከል አቅም የተዳከመ ስለሆነ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ ከአሠሪ ጋር የሚደረግ ስምምነትም ይህን ድንገተኛ ጥሪ አስቀድሞ ሊያካትት ይገባል።

ተረት 4፦ ልጅ ሲታመም ሕጉ በቂ ፈቃድ ይሰጣል።

እውነታ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛው ራሱ ሲታመም ነው። የዓመት እረፍት በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን፣ ሠራተኛዋ ጠይቃ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል፤ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥምም በዓመት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ በእያንዳንዱ እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት ያለ ደመወዝ ይፈቀዳል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ለሁለት ዓመት ሕክምና እንደማይበቁ ግልጽ ነው። ይሁንና አዋጁ ዝቅተኛውን መብት የሚወስን ስለሆነ፣ አሠሪና የሠራተኛ ማኅበር በሚዋዋሉት የኅብረት ስምምነት ከዚህ የተሻለ የማስታመሚያ ፈቃድ ማስፈር ይቻላል።

ተረት 5፦ ማስታመም የእናት ድርሻ ብቻ ነው።

እውነታ፦ ክኒን ለመስጠት፣ ሙቀት ለመለካትና ቀጠሮ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ሥልጠናና ጥንቃቄ እንጂ ጾታ አይደለም። አባት፣ አያት ወይም አክስት መድኃኒቱን የሚሰጡበትን ሰዓትና የአደጋ ምልክቶቹን ከነርሷ ከተማሩ፣ ተራ ገብተው ማስታመም ይችላሉ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ልጃቸውን በሉኪሚያ ባጡ ወላጆች የተመሠረተው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም የአንድ ቤት ሐዘን የብዙ ቤተሰብ መደገፊያ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

እንግዲህ እናትን «ልጅሽን ወይስ ሥራሽን?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄውን ከመነሻው ማሳሳት ነው። ዘመድ የትኛዎቹን የቀጠሮ ቀናት እንደሚይዝላት፣ አሠሪዋም በየትኛው ምዕራፍ ሰዓቷን እንደሚያሸጋሽግላት ቢጠይቋት፣ ልጁ ሕክምናውን ሳያቋርጥ እናቲቱም ሙያዋን ሳታጣ የሚዘልቁበት መንገድ ይከፈታል።