የነዳጅ ጉድጓድ ሲገነፍል

ከመሬት በታች በሺህ በሚቆጠር ሜትር ጥልቀት ያለው ድፍድፍ ነዳጅና ጋዝ በከባድ ግፊት ታምቆ የተያዘ ነው። መሰርሰሪያው ሲደርስበት መውጫ ያገኛል። ሽቅብ እንዳይወጣ መጀመሪያ የሚያግደው ጭቃ ነው፤ በቁፋሮው ቧንቧ ውስጥ ወርዶ በቧንቧው ዙሪያ የሚመለስ፣ ክብደቱ ተለክቶ የተቀመመ ፈሳሽ። ጭቃው ከታች ያለውን ግፊት መቋቋም ካቃተው ጉድጓዱ ይገነፍላል።

እ.ኤ.አ. በጥር 1901 ቴክሳስ ውስጥ ስፒንድልቶፕ ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ሲገነፍል ነዳጁ ከ30 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ለማስቆም ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ያኔ ይህ የሀብት ብሥራት ነበር፤ አጠገቡ ለሚሠራው ቆፋሪ ግን አንዲት ብልጭታ ሞት ናት።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ቆፋሪዎች አንዱ ጄምስ አበርክሮምቢ ነው። ወደ ብረት ሠራተኛው ሃሪ ካሜሮን ዘንድ ሄዶ የሚገነፍል ጉድጓድን የመዝጊያ ሐሳቡን ወለሉ ላይ በነበረው የእንጨት ብናኝ ላይ ሥሎ እንዳሳየው ይነገራል። ሁለቱ በ1922 የፈጠራ መብት ጠየቁ፤ በ1926 ተሰጣቸው። በጉድጓዱ አፍ ላይ ወፍራም የብረት አካል ይቀመጣል። ጉድጓዱ ሲያስቸግር ሁለት የብረት መዝጊያዎች ከግራና ከቀኝ ተገፍተው ቧንቧውን አቅፈው ዙሪያውን ይዘጋሉ። መሣሪያው ብሎውአውት ፕሪቬንተር ይባላል። የመጀመሪያው በእጅ የሚዘጋ ነበር፤ የዛሬዎቹ በሃይድሮሊክ ይሠራሉ። ብዙ መዝጊያዎች ተደራርበው ይሠራሉ፤ የመጨረሻው አማራጭ ቧንቧውን ራሱን ቆርጦ ጉድጓዱን የሚደፍን ምላጭ ነው።

ቁፋሮ ወደ ጥልቅ ባሕር ሲወርድ ይህ ሁሉ ብረት የባሕሩ ወለል ላይ ይተከላል። በ1,500 ሜትር ጥልቀት የውሃው ግፊት በባሕሩ ገጽ ላይ ካለው የአየር ግፊት 150 እጥፍ ያህል ነው፤ ጠላቂ ሰው አይደርስበትም። የፀሐይ ብርሃን የለም። የጂፒኤስ ምልክትም ውሃ ውስጥ አይዘልቅም። የቀረው ድምፅ ነው። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ መርከቧ የላከችው ድምፅ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ በመለካት የወለሉ ካርታ ይነሣል፤ የመሣሪያዎቹም ቦታ ይታወቃል። እጅ የሚሆነው ደግሞ በረጅም ገመድ ከመርከብ ጋር የተያያዘ፣ ካሜራ፣ ሶናርና የብረት ክንድ ያለው ሮቦት ነው። ባለሙያው ስክሪን እያየ ከላይ ሆኖ ይነዳዋል።

ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የማኮንዶ ጉድጓድ ገነፈለ። ዲፕወተር ሆራይዘን የተባለው የቁፋሮ መድረክ ተቃጠለ፤ 11 ሠራተኞች ሞቱ። ከታች የተተከለው መሣሪያ 400 ቶን ገደማ የሚመዝን ነበር፤ ጉድጓዱን ግን አልዘጋም። በኋላ ከባሕር ወጥቶ ሲመረመር፣ ቧንቧው በግፊት ታጥፎ ከመሃል ስለወጣ ምላጮቹ ሙሉ በሙሉ ሊቆርጡት እንዳልቻሉ ታወቀ። ከመሣሪያው ሁለት መቆጣጠሪያ ሳጥኖች በአንዱ ባትሪው ደክሞ ነበር፤ በሌላው ሽቦ ተሳስቶ ተገናኝቶ ነበር። ሮቦቶቹ መሣሪያውን ለመዝጋት ለቀናት ሞከሩ። ፍሳሹን ለመያዝ የወረደው ትልቅ የብረት ጉልላት ጋዝና ቀዝቃዛ ውሃ ተዋህደው በሠሩት በረዶ መሰል ነገር ተደፈነ። ፍሳሹ የቆመው ከ87 ቀናት በኋላ፣ በጁላይ አጋማሽ፣ አዲስ መክደኛ ሲገጠም ነው።

ከብረቱ ድክመት ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ከፍንዳታው በፊት የሆነው ነው። ጉድጓዱ በሚገባ መታሸጉን ለማረጋገጥ በተደረገው ሙከራ በቧንቧው ውስጥ ሊኖር የማይገባ ግፊት ታይቶ ነበር። ሠራተኞቹ ሌላ ምክንያት ሰጥተውት ሥራው ቀጠለ። ያኔ ቢቆም ኖሮ ምላጩ ጨርሶ ባላስፈለገ ነበር። የመጨረሻ መከላከያ አለ ተብሎ የመጀመሪያውን ምልክት ማለፍ አይገባም ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት በ2016 ባወጣው ደንብ በጥልቅ ባሕር የሚሠሩ እነዚህ መሣሪያዎች ሁለት መቁረጫ እንዲኖራቸውና በሚቆርጡበት ጊዜ ቧንቧውን ወደ መሃል የሚመልስ ቴክኖሎጂ እንዲይዙ አዘዘ።