«ፍቅር» የሚለው ቃል በገድለ ወለተ ጴጥሮስ፦ የሁለት እመቤቶች ባልንጀርነትና ንባቡ

ከእንፍራንዝ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠራው የሚነገርለት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ይታያል። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለበት ቆራጣ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በእነዚህ አገሮች የኖሩትን ሁለት ሴቶች፣ ወለተ ጴጥሮስንና እኅተ ክርስቶስን ነው። (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከባላባት ወገን ተወለደች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ታላቅ ሹም ነበር። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በ1617 አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏ ከገዳዮቹ ወገን ስለ ነበረ፣ ከእርሱ ጋር በአንድ አልጋ መተኛትን እንቢ ብላ ኰበለለች፤ መነኰሰችም። እኅተ ክርስቶስም እንደ እርሷ ባለትዳር እመቤት የነበረች፣ ባሏንና ልጇን ትታ የመነነች ናት። በዚያ ዘመን የመኳንንት ትዳር የወገንና የርስት ማሰሪያ ስለ ነበረ፣ ሚስት ጥላ መሄዷ ባልን ብቻ ሳይሆን ቤተ ዘመድን ሁሉ ማዋረድ ነበር።

ገድሉን መነኵሴው ገላውዴዎስ በ1672 በግእዝ ጻፈው። እንደ እርሱ አተራረክ፣ ሁለቱ ገና ከሩቅ ሲተያዩ ፍቅር በልባቸው አደረ፤ ሲቀራረቡም እንደ ቀድሞ ዘመድ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ በስደትም በሰላምም እስከ ሞት አልተለያዩም። ገድል ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ ለቅዱሱና ለእግዚአብሔር የሚያቈየውን ቃል ገላውዴዎስ ያለ ኀፍረት ለሁለት ሴቶች ሰጠ።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው። በ2015 ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር ገድሉን በእንግሊዝኛ ሲያሳትሙ፣ ቤልቸር ግንኙነቱን ከመንፈሳዊ ወዳጅነት ባሻገር የሴት ለሴት ፍቅር አድርጋ አነበበችው። ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2020 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን የታሪክ ማዛባት ብሎ ነቀፈው። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገን ቃሉን ለብቻው ነጥሎ ከመመርመር ይልቅ አስቀድሞ የያዘውን ሐሳብ ሊያጸና ቸኵሏል። የግእዙ «ፍቅር» የእግዚአብሔርን፣ የባልንና የሚስትን፣ የባልንጀራንም መውደድ በአንድነት ይጠራል፤ ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ምኞትን አያስረዳም፣ አይክድምም። ጸሐፊው መነኵሴ እንደ መሆኑ የሚያመሰግነው ንጽሕናን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን እንደ ማንኛውም ሁለት መነኰሳይያት አልጻፋቸውም።

ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በአደባባይ ሲቀበል ወለተ ጴጥሮስ ተቃወመች፤ ተከሰሰች፣ ተጋዘችም። ስደተኞች እየተከተሏት በየስፍራው ማኅበር አቋቋመች። በ1632 ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅ መከራዋ ቀለለ። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. (1642) ባረፈች ጊዜ ማኅበሩን የተረከበችው እኅተ ክርስቶስ ናት፤ እስከ 1649 ድረስም እመ ምኔት ሆና መራችው።