ስለ አክቲን ክርና ክሩን ስለሚሠሩት የፕሮቲን ማኅበሮች

የሰውን እግር እሾኽ ሲወጋው በቁስሉ በኩል ጀርም ይገባል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስፍራው ይቀላል፤ ያብጣል፤ መግልም ይቋጥራል። መግል የሚባለው አብዛኛው ጀርሙን ሊዋጉ መጥተው የሞቱ የነጭ ደም ሕዋሶች ክምችት ነው። እነዚህ ሕዋሶች ከደም ሥር ወጥተው በሥጋ መካከል እየተሽሎከለኩ እስከ ቁስሉ ድረስ ይጓዛሉ፤ ፍጥነታቸውም በአንድ ደቂቃ የሚሊሜትር መቶኛ ያህል ነው። እግር የሌለው ፍጥረት ይህን መንገድ እንዴት እንደሚሄድ መርምሮ ማግኘት ለሊቃውንት ብዙ ዘመን የፈጀ ሥራ ሆኗል።

ሕዋስ በስስ ሽፋን የተከበበ ስለ ሆነ በውስጡ ውሃ ብቻ የተሞላ አቁማዳ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጎጆ ቤት ምሰሶና ማገር እንዳለው ሁሉ ሕዋስም ቅርጹን የሚይዝበት ክር አለው። ከነዚህ ክሮች አንዱ አክቲን ይባላል። ይህንንም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. በሀንጋሪያ አገር በሴጌድ ከተማ ብሩኖ ሽትራውብ የተባለ ሊቅ ከጥንቸል ጡንቻ ለይቶ አወጣው። በመጀመሪያ የጡንቻ ነገር ብቻ ይመስል ነበር፤ ኋላ ግን ጡንቻ ባልሆነውም ሕዋስ፥ በዕፀዋትም ጭምር እንደሚገኝ ታወቀ።

አንዱ የአክቲን ቅንጣት እንደ ዶቃ ነው። ዶቃው በዶቃ ላይ እየተያያዘ፥ ሁለት ፈትል ሆኖ እንደ ገመድ ይገመዳል። አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል የክሩ ውፍረት ሰባቱን ክፍል ያህላል። ሁለቱ ጫፎቹ እኩል አይደሉም፤ በአንደኛው በኩል ዶቃው ፈጥኖ ይጨመራል፥ በሌላው በኩል ይፈታል። የሚያድገው ጫፍ ወደ ሕዋሱ ሽፋን የዞረ እንደ ሆነ፥ ሽፋኑን ከውስጥ እየገፋ ወደ ፊት ያወጣዋል። የነጩ ሕዋስ እግር ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሁለት ችግር አለ። ሁለት ወይም ሦስት ዶቃ ብቻ ሲገናኝ ሳይጸና ይለያያል፤ ስለዚህ ክር መጀመር ከማስረዘም ይልቅ ይከብዳል። ደግሞም አንድ ክር ብቻውን ቢረዝም፥ ቀጭን ሸምበቆ ሲገፉበት እንደሚጎብጥ ይጎብጣል እንጂ ሽፋኑን አይገፋም። ሁለቱንም ችግር የሚያስወግደው የሰባት ፕሮቲኖች ማኅበር ነው፤ ስሙም አርፕ 2/3 ይባላል። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ከአሜባ ተለይቶ ተገኘ። ከሰባቱ ሁለቱ መልካቸው አክቲንን ይመስላል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ሲቆሙ ለአዲሱ ክር እንደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ዶቃዎች ይሆናሉ። ማኅበሩ በነባሩ ክር ጎን ላይ ይቀመጥና አዲስ ቅርንጫፍ ያበቅላል፤ በእናቲቱ ክርና በቅርንጫፉ መካከል ያለው ማዕዘን 70 ዲግሪ ያህል ነው። እንደዚህ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ሲበዛ እንደ ግራር አጥር የተጠላለፈና የማይጎብጥ ይሆናል።

አርፕ 2/3 ብቻውን ሲሆን ግን ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ነው፤ ይህም መልካም ነው፤ ያለ ትእዛዝ ቢሠራ ሕዋሱ በየአቅጣጫው በተገፋ ነበርና። ትእዛዙን ከሚያደርሱት አንዱ ዌቭ የተባለ ፕሮቲን ነው። ዌቭ ከአራት ባልንጀሮች ጋር በአምስት ማኅበር ይኖራል፤ እነርሱም የሚሠራበትን ጅራቱን ሸፍነው እንደ ታሰረ በሬ ይይዙታል። ከጀርሙ የሚወጣው ነገር የሕዋሱን ሽፋን ሲነካ፥ በሽፋኑ ሥር ራክ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይነሣና ከአምስቱ ማኅበር ጋር ይጣበቃል። በዚያን ጊዜ እስራቱ ይላላል፥ ጅራቱም ይገለጣል። ጅራቱ በአንድ ወገን የአክቲን ዶቃ፥ በሌላ ወገን አርፕ 2/3ን ይዞ ያገናኛቸዋል፤ ቅርንጫፉም ይጀመራል። ትእዛዙ የሚሰጠው ሽፋኑ አጠገብ ብቻ ስለ ሆነ ክሩ ወዴት እንደሚያድግ ሳይታወቅ አይቀርም።

የረዘመውን ክር ጫፉን የሚዘጋ ፕሮቲን አለ፤ ያረጀውንም ኮፊሊን ይቆራርጠዋል፥ ዶቃውም ለሌላ ሥራ ይመለሳል።

የዚህ ሥርዓት አንዱ ክፍል ቢጎድል ምን እንደሚሆን በሕፃናት ላይ ታይቷል። በ1937 ዓ.ም. በጀርመን አገር አልፍሬድ ዊስኮት የተባለ የሕፃናት ሐኪም ደማቸው የማይረጋላቸው፥ ቆዳቸው የሚቆስል፥ ጆሮአቸውም የሚመግል ሦስት ወንድማማች ሕፃናት አየ፤ እኅቶቻቸው ግን ጤነኞች ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ሮበርት አልድሪች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጉድለቱን እናት ራስዋ ሳትታመም ለወንዶች ልጆችዋ እንደምታስተላልፍ አሳየ። ምክንያቱ የተገኘው በ1994 ዓ.ም. ነው፤ በደም ሕዋሶች ውስጥ ያለው የዌቭ ዘመድ፥ ዋስፕ የተባለው ፕሮቲን ተበላሽቷል። ስለዚህ ነጩ ሕዋስ ወደ ቁስሉ በደኅና አይሄድም፤ ደም የሚያረጉት ቅንጣቶችም ጥቂትና ታናናሽ ይሆናሉ። ከጤነኛ ሰው የአጥንት መቅኔ ተወስዶ ቢሰጠው በሽተኛው ሊድን ይችላል።

ይህንኑ ሥርዓት የሚሰርቅ ጀርምም አለ። ኪዮሺ ሺጋ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በ1897 ዓ.ም. ያገኘው፥ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ወደ አንጀት ሕዋስ ከገባ በኋላ በአንድ ጫፉ ባለው ፕሮቲን ሌላውን የዋስፕ ዘመድ ይይዛል፤ እርሱም አርፕ 2/3ን ይጠራል። ክሩ በጀርሙ ኋላ እንደ ጅራት ይበቅልና ገፍቶ ወደ ጎረቤቱ ሕዋስ ያስገባዋል፤ ወደ ውጭ ስለማይወጣ የሰውነት ጠባቂዎች በቀላሉ አያገኙትም። በሽታውን ለማምጣት እጅግ ጥቂት ጀርም ስለሚበቃ ከሰገራ በኋላና ከመብል በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

በ1999 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ያሉ ሊቃውንት የዚህን ዓይነቱን ጉዞ ከሕዋስ ውጭ አስነሡ። አክቲንን፥ አርፕ 2/3ን፥ ጫፍ ዘጊውንና ቆራጩን ጥቂት ንጹሕ ፕሮቲኖች ጉልበት ከሚሰጠው ከኤ ቲ ፒ ጋር ቢቀላቅሉ ጀርሙ ጅራት አብቅሎ ሄደ። ጡንቻን የሚጎትተው ማዮሲን በውስጡ አልነበረም፤ የዶቃው መጨመር ብቻ በቃ።