ሥራው ሲያልቅ ተከራዩ ማን ነው? ከቆጋ እስከ ለገደምቢ

ትልቅ ፕሮጀክት ትንሽ ከተማ ሲገባ ቶሎ የሚወደደው የኪራይ ክፍል ነው። ጤፍ ቢጠፋ ከሌላ ገበያ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል፤ ቤት ግን አይጫንም። መሬትም የመንግሥት በመሆኑ አዲስ ቦታ የሚገኘው ማዘጋጃ ቤት ሸንሽኖ ሲያቀርብ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ጨረታን ዋነኛ መንገድ አድርጎ፣ ተጫራቹ ቢያንስ የዋጋውን 10 በመቶ በቅድሚያ እንዲከፍል ደንግጓል። ፈላጊው በሳምንት ሲደርስ ቦታው ዓመታት ይወስዳል።

በዚህ መሐል የሚገፋው የከተማው ደመወዝተኛ ነው። መምህሩና ነርሷ አበል ከሚታሰብለት የኩባንያ ባለሙያ ጋር በኪራይ ሊፎካከሩ አይችሉም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በተቆጣጣሪ አካል እንዲወሰን አድርጓል። ይህ ክፍል ያገኘውን ተከራይ ይጠብቃል፤ ላላገኘው ግን ክፍል አይሠራም።

አከራዩም ቢሆን ዋስትና የለውም። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ያለውን የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን ሚድሮክ እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዝቶታል። የአካባቢው ሕዝብ በጤና ጉዳት ምክንያት ተቃውሞ ሲያነሳ ፈቃዱ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ታገደ፤ ሥራው የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ተከራዩን በሙሉ ከአንድ ጉድጓድ የሚጠብቅ ባለቤት በእንዲህ ያለ ጊዜ የባንክ ዕዳውን ከምን ይከፍላል? በአውስትራሊያ የብረት ማዕድን ወደብ በፖርት ሄድላንድም የአንድ ቤት መካከለኛ ዋጋ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ግንባታው አልቆ ሠራተኛው ሲበተን ዋጋው ወደ ጥቂት መቶ ሺዎች ወረደ።

ከባህር ዳር በስተደቡብ፣ መራዊ አጠገብ ያለው ቆጋ ለየት ይላል። ወርቁ ውሃ ነው። በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ የተሠራው ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታቀደ ነው። ግንበኛው ቢሄድም ቦዩ ቀርቷል፤ ሽንኩርት፣ ድንችና ስንዴ በበጋም ይመረታል። ነጋዴ፣ ደላላና ጫኝ አውራጅ የሚመላለሰው ለዚህ ምርት ነው። ማዕድን ሲያልቅ ያልቃል፤ መስኖ ግን ቦዩ ከተጠረገ በየዓመቱ ያመርታል።

ይሁን እንጂ ሽንኩርት መንገድ ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት ለመራዊም ተርፏል። መኪና ካልገባ ምርቱ ማሳ ላይ ይበሰብሳል፤ ኪራዩም አብሮት ይወርዳል።

ስለዚህ ቦታ የሚጫረት ሰው ዛሬ የሚጠራውን ኪራይ ብቻ ይዞ አይሂድ። ተከራዩ ገንቢ ነው ወይስ ነዋሪ? ገቢው ከአንድ ኩባንያ ነው ወይስ ከብዙ ገበሬ? ማዘጋጃ ቤቱስ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ቦታ ያወጣል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።