ማን ይጸልይ፣ ማን ያስጸልይ?

በካናዳ፣ አልበርታ ክፍለ ሀገር፣ ኤርድሪ ያለን ወላጆች ቡና ላይ ከምንከራከርባቸው ጉዳዮች አንዱ የትምህርት ቤት ጸሎት ነው። አልበርታ ውስጥ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት በጀት ይተዳደራሉ፤ እዚያ መጸለይ የተለመደ ነው። የእኔ ልጅ ግን የሚማረው መደበኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በጾም ሽሮ ፍትፍቱን አማትቦ ይበላል፣ ማንም አይናገረውም።

ሁሉም ትምህርት ቤት ግን እንዲህ አይደለም፤ ካልጋሪ የሚገኘው የግል ትምህርት ቤት ዌበር አካዳሚ ሁለት ሙስሊም ተማሪዎች በግቢው እንዳይሰግዱ በመከልከሉ ተከሰሰ። በ2015 እ.ኤ.አ. የአልበርታ የሰብአዊ መብት ጉባኤ «አድልዎ ነው» ብሎ ፈረደበት፤ በ2018 ውሳኔው በይግባኝ ተሽሮ ክርክሩ እንደ አዲስ እንዲታይ ታዘዘ። በዚያው በ2015 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሳግኔ ከተማ ምክር ቤት ስብሰባውን በጸሎት እንዳይከፍት አገደ።

የእኛም የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። እኔ የምለው፣ ልጅ ይጸልይ፤ መንግሥት ግን አያስጸልይ።